ፀሐይ ላይ የተሰጣ ወረቀት

ጋሽ ሳህሉ ሰኞ ጠዋት ወደ ረምላ ሱቅ ሲገቡ በብብታቸው የያዙት ነገር በላስቲክ ተጠቅልሎ፣ ላስቲኩም በፎጣ ተጠቅልሎ ነበር። ረምላ መጀመሪያ ቅቤ መሰላት። የኮፒና የጽሕፈት ሱቋ ከሆሳዕና መናኸሪያ ጀርባ ነው፤ ከገጠር አውቶቡስ የወረደ ሰው እንዲህ አቅፎ የሚመጣው ወይ ቅቤ ነው ወይ የፍርድ ቤት ማስረጃ።

«ሁለቱም አይደለም» አሏት ሽማግሌው ዓይኗን አይተው። «መጽሐፍ ነው።»

መጽሐፍ! ረምላ ይህችን ሱቅ ከከፈተች አራት ዓመቷ ነው። በነዚህ አራት ዓመታት በበሯ ያልገባ የወረቀት ዓይነት የለም፤ የሥራ ማመልከቻ፣ የቤት ኪራይ ውል፣ የኮሌጅ አሳይመንት፣ የጠፋ በሬ ማስታወቂያ። አንድ ጊዜ እንዲያውም አንድ ጎልማሳ የፍቅር ደብዳቤ በሦስት ኮፒ አስነስቶ ሄዷል፤ ለምን ሦስት እንዳስፈለገው እሷም አልጠየቀች፣ እሱም አልተናገረ። መጽሐፍ ግን መጥቶ አያውቅም። እሷ ደግሞ ሱቁን የከፈተችው ለመጽሐፍ ነው። አንድ ቀን ከዚህች ጠባብ ቤት መጽሐፍ ይወጣል ብላ ለአክስቷ፣ ለጎረቤቶቿ፣ ለሻይ ቤቱ ሰዎች፣ ለትኬት ቆራጮቹ ሳይቀር ተናግራለች። ሰውም ለምዶ «መጽሐፍሽ እንዴት ሆነ?» እያለ ያልፋል። ክፋት የለውም፤ ግን አራት ዓመት ሙሉ ሲጠየቁ ያማል።

ጋሽ ሳህሉ ሆመቾ ላይ ሠላሳ ስድስት ዓመት ያስተማሩ ሰው ናቸው። ረምላንም ፊደል ያስቆጠሯት እሳቸው ናቸው። ላለፉት አሥራ አንድ ዓመታት ቅዳሜና እሑድ በየመንደሩ እየዞሩ አዛውንቶች በሀዲይኛ የሚያወሯቸውን ተረቶች ሲሰበስቡ ከርመዋል። ጅቡንም ጦጣውንም በገዛ እጃቸው ሥለዋል። አንድ የድሮ ተማሪያቸው በኮምፒውተር ጽፎ፣ ሥዕሉንም አስገብቶ በፍላሽ ሰጥቷቸዋል። ፎጣው ውስጥ የነበረው ፍላሹና የእጅ ጽሑፉ ነበር፤ አርባ ስምንት ገጽ።

«አዲስ አበባ ወስጄው ነበር» አሉ ወንበር ስባ ስትሰጣቸው። «ከሺህ በታች አናትምም አሉኝ። እኔ የምፈልገው መቶ ሃያ ነው፤ ለሦስተኛ ክፍል ልጆች ለእያንዳንዳቸው አንድ አንድ። ቅዳሜ ሦስት ሰዓት ላይ የወላጆች ቀን ነው። የእኔም የመጨረሻ ቀኔ ነው፣ ጡረታ ወጥቻለሁ። ልጆቹ በየቤታቸው የሚሰሙትን ቋንቋ ከመጽሐፍ ሲያነቡ ሳላይ ከዚያ ግቢ መውጣት አልፈልግም። ከደረሰ…»

«ይደርሳል!» አለች ረምላ፤ ንግግራቸውን እንኳ አልጨረሱም።

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል። ረምላ ይህን ተረት በደንብ ታውቀዋለች፤ የምታውቀው ግን ስለ ሌላ ሰው ነው።

ሌሊቱን ሙሉ ወረቀት ስታስብ አደረች። ብዙ ሰው ወረቀት ያው ወረቀት ነው ይላል፤ ነጭ ነው፣ አራት ማዕዘን ነው፣ በቃ። እንዲህ የሚል ሰው ማሽን ሆድ ውስጥ የተሰነቀረ ወረቀት በጣቱ እየጎተተ አውጥቶ አያውቅም። ረምላ ሒሳቡን ሠራች፤ እያንዳንዱ ሉክ በሁለቱም ፊት ይታተማል፣ መሃሉ ላይ ይታጠፋል፣ አራት ገጽ ይሆናል። አሥራ ሁለት ሉክ አንድ መጽሐፍ፤ መቶ ሃያ መጽሐፍ ደግሞ ሺህ አራት መቶ አርባ ሉክ። ወረቀቱ ከሳሳ የጅቡ ሥዕል በጀርባው ባለው ተረት ላይ ጥላውን ይጥላል። ከወፈረ ደግሞ አልታጠፍ ይላል፣ መጽሐፉም እንደበላ ሆድ ይነፋል። መካከለኛውን ማግኘት አለባት።

ማክሰኞ ማለዳ የጽሕፈት መሣሪያ ከሚሸጠው ከጥሩሰው ዘንድ ሄደች። ጥሩሰው ደግ ነው፤ ነገር ግን መጀመሪያ የሚያወጣልሽ ዕቃ ሁልጊዜ መደርደሪያ ላይ የከረመው ነው።

«ሰባ ግራም ነው» አለ ጥቅሉን በእጁ መታ መታ አድርጎ። «ሁሉም የሚወስደው እሱን ነው።»

ረምላ አንድ ሉክ መዘዘችና በጥሩሰው ደረሰኝ ላይ አስተኝታ ሁለቱንም ወደ በሩ ብርሃን አነሳቻቸው።

«ማኅተምህ ይታያል» አለች። «ስልክ ቁጥርህም ይነበባል።»

«ታዲያ ምን ይጎዳል? ማስታወቂያ ነው።»

«ለልጆች ነው ጥሩሰው! መጽሐፍ ነው!»

መጽሐፍ የሚለውን ቃል ስትናገር ድምፅዋ ከፍ ብሎ ከመንገድ ማዶ ያለ ሰው ዞሮ አያት። ጥሩሰው ሁለተኛውን አወጣ። ወፈር ያለ፣ ሰማንያ ግራም ነው፤ ጥቅሉ ግን ከተቀደደ ቆይቷል። ጠርዙ ላይ ጣቷን ስታሳልፍ እንደ ዱቄት ያለ ብናኝ ተከትሏት መጣ። ይህ ብናኝ ማሽን ውስጥ ገብቶ ምን እንደሚሠራ ታውቃለችና መለሰችለት። ሦስተኛው ከላይኛው መደርደሪያ ወረደ፤ ካርቶኑ እንደታሸገ ነው። ጥሩሰው እያጉረመረመ ከፈተው፤ ከአንዱ ጥቅል ጫፍ አንድ ሉክ አወጣችና ጥጉን ይዛ አራገፈችው። ጠረር ያለ፣ የጠራ ድምፅ ሰጣት።

«ይኼ ይናገራል!» አለች።

ጠርዙ ንጹሕ ነው። ነጭነቱ ዓይን አይወጋም፣ ወደ ወተት ያደላል። ደረሰኙ ላይ ስታስተኛው የጥሩሰው ማኅተም ጠፋ። ካርቶኑ አምስት ደስጣ ይዟል፤ አንዱ ደስጣ አምስት መቶ ሉክ ነው፤ ከበቂ በላይ!

«የቀረኝ ይኼ አንድ ካርቶን ነው» አለ ጥሩሰው። «ሌላ ከአዲስ አበባ የሚመጣልኝ በሚቀጥለው ሳምንት ነው።»

ረምላ ካርቶኑን እንደ ሕፃን ታቅፋ ባጃጅ ውስጥ ገባች። ወሩ ሰኔ ነው፤ ሱቋ ከመድረሷ ዝናቡ ዱብ ዱብ ማለት ጀመረ። ከባጃጁ ስትወርድ የካርቶኑ አንድ ጥግ ረጠበ።

እዚህ ላይ ለረምላ መመስከር ይገባል። ወረቀት አያያዝ የማታውቅ ሴት አይደለችም። ባለፈው ሰኔ ደስጣዎቹን በባዶ ሲሚንቶ ላይ፣ ግድግዳ አስደግፋ ደርድራቸው ነበር። ወረቀቱ እርጥበቱን ጠጥቶ ሁለት ሁለት ሉክ እየተጣበቀ ማሽን ውስጥ ሲገባ አንድ ሳምንት አልቅሳለች። ከዚያ ወዲህ በእንጨት ርብራብ ላይ ታስቀምጣለች፣ ከግድግዳ አንድ ስንዝር ታርቃለች፣ አስተኝታ እንጂ አቁማ አታኖርም። አዲሱንም ካርቶን እንዲሁ አስቀመጠችው። ነገር ግን የረጠበው ጥግ ከሐሳቧ አልወጣም። ማታ አውራ ጣት የሚያህል ነበር፤ ስትነቃ በሐሳቧ ካርቶኑን ሙሉ አጥለቅልቆታል።

ረቡዕ ጠዋት ፀሐይ ወጣች፤ የሰኔ ፀሐይ አይመስልም፣ ቁልጭ ያለ! ረምላ ደግሞ የሆመቾ ስንዴ ገበሬ ልጅ ናት። አባቷ ቃሲም እህል ጎተራ ሳይገባ ፀሐይ ይየው የሚሉ ሰው ናቸው። ልጅ ሆና ስጥ ስትጠብቅ፣ ዶሮ ስታባርር፣ ስንዴውን በእግሯ እየጎተተች ስታገላብጥ ነው ያደገችው። እርጥበትን የሚያወጣው ምንድን ነው? ፀሐይ! ምን ማሰብ ያስፈልጋል?

«አክስቴ ሳሊሃ!» ብላ ተጣራች። «ሸራውን አምጪው!»

አብራት የምትኖረው አክስቷ ሳሊሃ ሸራውን ከሱቁ ጀርባ ባለው ግቢ ዘረጋችው። ረምላ የደስጣዎቹን መጠቅለያ ትርትር አድርጋ ቀድዳ፣ ወረቀቱን እንደ ስንዴ አሰጣችው። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት ደስጣ። አምስተኛው የተረፈው ሸራው ስለሞላ ነው እንጂ ታስቦበት አይደለም። ነፋስ እንዳይወስደው ጠጠር ጣል ጣል አደረጉበት። ሳሊሃ አርጩሜ ይዛ ዶሮዎቹን ልትጠብቅ ተቀመጠች። ግቢው ሁሉ ነጭ ሆነ። ጎረቤቶች በአጥር ላይ ብቅ እያሉ «ምንድን ነው ይኼ?» ሲሉ ረምላ «የመጽሐፍ ስጥ ነው!» ትላለች፤ ይሳቃል። በየግማሽ ሰዓቱ ትገላብጠዋለች። የጎረቤት ፍየል አንድ ሉክ ሰርቃ በላች፤ ሳሊሃ እስከ መንገዱ ድረስ አባረረቻት። ረምላ እንደዚያን ጠዋት ደስ ብሏት አያውቅም።

እኩለ ቀን ላይ ወረቀቱን ሰብስባ፣ ትኩሱን ማሽኑ ላይ ጫነችው። ፍላሹን ሰካች። ቢስሚላህ ብላ ቁልፉን ተጫነች።

የመጀመሪያው ሉክ ወጣ። ጅቡ ጥርሱን አሳይቶ፣ ፊደሉ ጥርት ብሎ! ረምላ እልል አለች። ሁለተኛው ሉክ ግማሽ መንገድ ሄዶ ቅርርር አለና ቆመ። ጎትታ አወጣችው፤ እንደ አኮርዲዮን ተጨማዷል። ሦስተኛው አለፈ፣ አራተኛው ተሰነቀረ፣ አምስተኛውና ስድስተኛው ተጣብቀው ገቡ። የወረቀት መጫኛውን ስባ ስታይ ወረቀቱ ጫፍና ጫፉን እንደ ደረቀ የእንሰት ቅጠል አንስቶ ተጠቅልሏል። በመዳፏ ትጫነዋለች፣ እጇን ስታነሳ ተመልሶ ይጠቀለላል። አርባ ሉክ አስገብታ ደህና ሆኖ የወጣው አሥራ አንድ ነው።

መሬት ላይ ቁጭ አለች። አንድ ደስጣ ነው የቀራት፤ አርባ ሁለት መጽሐፍ እንኳ አይሞላም። ጥሩሰው ዘንድ ሌላ የለም። ሽማግሌው ቅዳሜ ባዶ እጃቸውን ከግቢው ሲወጡ ታያት። የገዛ አፏ ነው «ይደርሳል» ያለው። አፈረች፤ ፊቷ እስኪግል አፈረች።

ጠና የሚባል የማሽን ጥገና ባለሙያ አለ፤ ከሆሳዕና እስከ ዱራሜ ያለ ፕሪንተር ሁሉ የእሱን ጣት ያውቃል። የዚያን ዕለት አንጋጫ ነበር። ደወለችለት።

«ወረቀቱን ምን አደረግሽው?» አላት ገና ድምፁን እንደሰማ፤ የማሽኑን ድምፅ ማለቴ ነው፣ ስልኩን ወደ ማሽኑ አስጠግታለት ነበር።

የተጨማደደውን ሉክ በመዳፏ ልታቃና ሞከረች።

«ረምላ። ምን አደረግሽው?»

«አሰጣሁት።»

«ምን አልሽ?»

«ፀሐይ ላይ። እንደ ስንዴ።»

በስልኩ ሳቅ ይሁን ሳል ያልለየለት ነገር መጣ።

«ማሽኑን አጥፊው» አለ ጠና። «ምንም እንዳትነኪ። መጣሁ።»

አሥር ሰዓት ላይ ከመናኸሪያው በሩጫ መጣ። አንድ ሉክ አንስቶ ጆሮው ላይ አራገፈ፣ ጉንጩ ላይ አስጠጋ፣ ከዚያ የተቀዳደደውን መጠቅለያ ከቅርጫት አውጥቶ አፍንጫዋ ሥር ያዘላት።

«ይኼ ምንድን ነው?»

«ልባሱ ነዋ።»

«ጃኬቱ ነው! ውስጡን ዳስሺው፣ በሰም እንደተቀባ ይለሰልሳል፤ እርጥበት አያስገባም። ካርቶኑ ቢረጥብ እንኳ ወረቀቱን አይነካውም ነበር። ሰው በሰኔ የሰውን ጃኬት ያወልቃል? መጠቅለያው የሚቀደደው ሊታተም ሲል ነው፤ የተረፈው ወረቀትም ወዲያው ተመልሶ ይጠቀለላል። ስንዴ ሲደርቅ ይጠነክራል፤ ወረቀት ሲደርቅ ይኮማተራል። ትንሽ እርጥበት ያስፈልገዋል፣ የቤት ውስጥ አየር ያህል።»

«ጠና፣ ስድብህን ከቅዳሜ በኋላ እሰማልሃለሁ» አለች ረምላ። «ይድናል ወይስ አይድንም?»

ጠና ራሱን አከከ። ይድናል፣ አለ፤ ዛሬ ቤት ውስጥ ፀሐይ በማይደርስበት፣ ግድግዳ በማይነካበት ጠረጴዛ ላይ ሳሳ ሳሳ ተደርጎ አየር ይጠጣ። ከዚያ አንዱ እፍኝ ሆዱን፣ የጎደጎደውን ጎኑን፣ ወደ ላይ፣ ቀጣዩ እፍኝ ሆዱን ወደ ታች እየተደረገ ይደርደርና ከባድ ነገር ይጫንበት፤ ነገን ሙሉ ይዋል። ግን እኩል የሚጫን ነገር ከየት ይምጣ? ያሏት ጥቂት መጻሕፍት አይከብዱም፣ የማሽን ሣጥን አንዱን ጎን ብቻ ይጫናል።

እስካሁን ጥግ ላይ ተቀምጣ የስጡን ጥፋት ስታላምጥ የነበረችው ሳሊሃ ያን ጊዜ ብድግ አለች።

«እናንተ ልጆች! ቆጮ ስንቀብር ምን እናደርጋለን? በድንጋይ እንጫነው የለ?» አለች። «ጠፍጣፋ ድንጋይ ነው፣ ሠላሳ ዓመት የሠራሁበት። በምን ላይ ስንት ድንጋይ እንደሚጫን እኔን ጠይቁኝ እንጂ።»

ጠና አፉን ከፍቶ አያት። «እንደሱ ነው!» አለ። «እማማ፣ እንደሱ ነው!»

ማታ ላይ፣ አየር ከጠጣ በኋላ፣ በሁለት የተላገ ጣውላ መካከል ወረቀቱ ገባ፣ ጣውላው ላይ ጨርቅ ተነጠፈ፣ ድንጋዮቹ ታጥበውና ደርቀው መጡ። ሳሊሃ እያንዳንዱን እያዞረች፣ ጎኑን እየለካች አስቀመጠች፤ አንድም ድንጋይ ማንም እንዲነካባት አልፈቀደችም። ረምላና ጠናም አቧራ የነካውን፣ ጠጠር ያሰረጎደውን፣ ዶሮ የረገጠውን ሉክ አንድ በአንድ እየለዩ አወጡ። የዳነው ከታሸገው ደስጣ ጋር ሲደመር ለሺህ አራት መቶ አርባው በትንሹ ይተርፋል፤ ለስህተት ግን ቦታ የለም።

ሐሙስ ከሥራ ሁሉ የከፋ ሥራ ነበር፤ መጠበቅ። ጋሽ ሳህሉ ደወሉ።

«ጀመርሽ ወይ ልጄ?»

«ወረቀቱ እያረፈ ነው ጋሼ።»

«ወረቀት ያርፋል እንዴ?»

«ጥሩ ወረቀት ያርፋል» አለች፤ ስልኩን ዘግታ ጣውላውን እንደ በሽተኛ ግንባር ዳሰሰችው።

ዓርብ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ድንጋዩ ተነሳ። ወረቀቱ ተኝቷል! ልጥፍ ብሎ፣ ቀጥ ብሎ ተኝቷል! ጠና ሃምሳ ሃምሳ ሉክ ብቻ እንድትጭን፣ ከመጫኗ በፊት ጠርዙን እንደ መጫወቻ ካርታ እንድታራግፍ፣ የቀረ ጉብታ ካለ ሆዱን ወደ ታች እንድታደርግ ነገራት። ማሽኑ ተነሳ። አንድ፣ ሁለት፣ አሥር፣ ሃምሳ። ረምላ በእያንዳንዱ ሉክ ትንፋሿን ትይዛለች። መቶ ሲሞላ መተንፈስ ጀመረች፤ አምስት መቶ ሲሞላ መዝፈን። ከሰዓት በኋላ የሻይ ቤቱ ሴቶች፣ ጥሩሰውም ሳይቀር፣ መጥተው ዙሪያውን ተቀምጠው አጠፉ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው ይባል የለ? ጠና በረጅሙ ስቴፕለር መሃሉን እየወጋ ይጠርዛል፣ ሳሊሃ የተጠረዘውን ድንጋይ ሥር ታስተኛለች። የመግሪብ አዛን ሲሰማ መቶ ሃያኛው መጽሐፍ ተዘጋ። የተረፈው ንጹሕ ወረቀት ዘጠኝ ሉክ ነበር።

ቅዳሜ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ረምላና ሳሊሃ ሆመቾ የትምህርት ቤቱ ግቢ ደረሱ። መጻሕፍቱ በላስቲክ፣ ከዚያም በፎጣ ተጠቅልለዋል። ወላጆች አግዳሚ ላይ ሞልተዋል፤ የሦስተኛ ክፍል ልጆች ፊት ለፊት መሬት ላይ ተኮልኩለዋል። ጋሽ ሳህሉ ኮትና ክራባት አድርገዋል። ፎጣውን ራሳቸው ፈቱት። የመጀመሪያውን መጽሐፍ አነሱ። አንድ ገጽ ገለጡ፣ ሌላ ገለጡ። ወረቀቱን በጣታቸው መሃል አሹት፤ ከጀርባው ምንም አይታይም። ረምላ ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ አየች፤ ያነብባሉ።

መጨረሻው ገጽ ላይ ሲደርሱ ቆሙ። ገለበጡት። መልሰው ወደ ፊት ሄዱ፣ እንደገና ወደ መጨረሻው መጡ። ፊታቸው ጠቆረ።

«ይኼ መጽሐፍ ስህተት አለው» አሉ።

ረምላ አንገቷን አስግጋ መጽሐፉን አየች። የትኛው ገጽ ነው? ተገልብጦ ታትሟል? ገጽ ዘልሏል? እያንዳንዱን ራሷ ቆጥራለች!

«ጋሼ፣ የቱ ጋ…»

«የጻፈው እኔ ነኝ፣ ስሜ አለ። ያወሩኝ አዛውንቶች አሉ፣ የሞቱትም ሳይቀሩ አሉ። ያተመው ማን ነው? ከሰማይ ወረደ?»

«እኔ እኮ ጋሼ… እኔ ኮፒ ቤት ነኝ።»

«ማን አለሽ?» ቆጣ አሉ፤ በክፍል ውስጥ እንደሚቆጡት። «አዲስ አበባ ሦስት ማተሚያ ቤት ዞሬ ያልታተመ መጽሐፍ ነው። ያታሚው ስም ያልተጻፈበት መጽሐፍ ለተማሪዎቼ አላድልም።» ከኮታቸው ኪስ እስክሪብቶ አውጥተው ዘረጉላት። «ተቀመጪ። በእያንዳንዱ ላይ ጻፊ። እንጠብቃለን።»

ወንበርና ጠረጴዛ መጣ። ወላጅ ሁሉ እያየ ረምላ ተቀመጠች። ልጆቹ ተሰለፉ፤ እያንዳንዱ የሚጻፍበትን መጽሐፍ ይዟል፤ እየተገፋፉ፣ በሰልፉ ውስጥ ገና ተራቸው ሳይደርስ ጮክ ብለው በሀዲይኛ እያነበቡ፣ ጅቡ የሚሞኝበት ቦታ ላይ እየሳቁ። ግቢው እንደ ንብ ቀፎ ሆነ። ሳሊሃ ሻሿን በአፏ ላይ ይዛ ታለቅሳለች፤ ከነዚያ ተረቶች አንዱን እናቷ ታወራላት ነበር። ረምላ የመጀመሪያውን መጽሐፍ መጨረሻ ገለጠች። «ሆሳዕና ታተመ፤ ረምላ ቃሲም» ብላ ጻፈች። ፊደሉ በእንባ ደብዝዞ ታያት፤ ደስታ ነው፣ ሌላ ስም የለውም።

አርባ ሰባተኛዋ ተሰላፊ የፊት ጥርሶቿ የወለቁ ልጅ ናት። መጽሐፏን ስታቀብል ፊቷን ኮስተር አድርጋ ረምላን አየቻት።

«እኔ አንብቤ ጨርሻለሁ» አለች። «ሌላውን መቼ ነው የምታትሚው?»

ከኋላ የቆሙት ልጆችም አንገታቸውን አሰገጉ፤ መልሱን ሁሉም ፈልገውታል። ረምላ ቀና ስትል ጋሽ ሳህሉ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው መነጽራቸውን በክራባታቸው ይጠርጋሉ። የደከመ እጇን አራገፈችና ለልጅቱ ጽፋ ሰጠቻት። ገና ሰባ ሦስት መጽሐፍ ይቀራት ነበር።